የቢሮ ልጆች የቦውሊንግ ሊግ፦ ከካዛንቺስ የተነሳ ጥያቄና የተከተለው እሰጥ አገባ

በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ ክሩን፣ ማለትም የጥያቄና የመልሱን ሰንሰለት፣ የከፈተው ካዛንቺስ ያለ ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ልጅ ነው። ከባልደረቦቹ ጋር አልፎ አልፎ ከሥራ መልስ ቦውሊንግ ይጫወታሉ። አሁን ነገሩ ጣማቸው። ሜክሲኮና ፒያሳ ካሉ ሌሎች ቢሮዎች ጋር ተሰባስበው ሊግ ቢመሠርቱ ያስኬድ እንደሆነ ጠየቀ። ጥያቄው ግን በዚህ አላበቃም። ስንት ኪሎ ኳስ ይያዝ? አሥሩም ፒን፣ ማለትም በኳሱ የሚመቱት ጠርሙስ መሰል ዘንጎች፣ ሲወድቁ ማሽኑ ነጥቡን ወዲያው የማይጽፈው ለምንድን ነው? ይህን ያህል ተጫውተው ከ100 ፈቀቅ ያላሉትስ? ከሁሉም በላይ ያስጨነቀው ግን ሌላ ነው። ዱባይ ኖሮ የመጣ ጓደኛቸው በአማካይ 165 ያስቆጥራል፤ የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ደግሞ 105። እነዚህ ሁለቱ አንድ ሊግ ውስጥ እንዴት ተደርገው ይጋጠማሉ?

መልሱ ጎረፈ። የመድረኩ ደንብ የንግድ ቤት ስም መጥራት ስለማይፈቅድ የትኛው ቦታ ይሻላል የሚለው ወሬ ገና ከጅምሩ ተዘጋ። ደግ ተደረገ። አለዚያ ክሩ የዋጋ ንትርክ ሆኖ ይቀር ነበር። ሁሉንም ለማንበብ ጊዜ ለሌለው፣ የሚጠቅመውንም የሚያስቀውንም እየለቀምኩ፣ መላሾቹንም በመልሳቸው ተራ ቁጥር እየጠራሁ ላውጋችሁ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀደመ። ከዚያ ኳሱ ላይ የተጻፈው ቁጥር ኪሎ ሳይሆን ፓውንድ መሆኑን አስረዳ። 16 የሚለው 7.26 ኪሎ ነው፤ ከዚያ የሚከብድ አይፈቀድም። 12 የሚለው 5.4 ኪሎ ግድም፣ 10 የሚለው 4.5 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ለጀማሪ የራሱን ክብደት አንድ አሥረኛ ቢይዝ ይበቃዋል የሚል ምክር ጨምሮ ተሰናበተ።

ቁጥር 2 ወዲያው አረመው፤ በትሕትና ነው ታዲያ። በዚያ ስሌት 90 ኪሎ የሚመዝን ሰው 9 ኪሎ ኳስ ሊፈልግ ነው፤ እንዲህ ያለ ኳስ ደግሞ የለም። እሱ ከክብደቱ በፊት ቀዳዳው ይታይ ባይ ነው። መሃል ጣትና የቀለበት ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ይገባሉ። አውራ ጣት ሙሉ በሙሉ ገብቶ ሳይጎተት መውጣት አለበት። ኳሱ እንዳያመልጠው እየጨመቀ የሚይዝ ሰው ቀዳዳው ሰፍቶታል ማለት ነው። በማግስቱ የእጅ አንጓዬን አመመኝ የሚሉ ጀማሪዎች የብዙዎቹ ጣጣ ይኸው እንደሆነ ጻፈ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ኳስ በቀለሙ የሚመርጥ ሰው ስንቱን አይቻለሁ።

ቁጥር 3 ጄል ጥፍር ያሠራች ልጅ ናት፤ ጥፍሯ እንዳይሰበር ሰግታለች። ቁጥር 4 ሙድ ያዘባት። ቁጥር 5 እሱን ገሥጻ ለልጅቷ ቁርጡን ነገረቻት፦ ወይ ጥፍሩ ያጥራል፣ ወይ ጨዋታው ይቀራል። ሁለቱንም መያዝ አይቻልም።

ቁጥር 6 ተቆጥቶ ነው የመጣው። ማሽኑ ነጥብ ይሰርቃል የሚል ክስ አለው። ስትራይክ ጥሎ፣ ማለትም አሥሩንም ፒን በአንድ ኳስ ጥሎ፣ ሰሌዳው ባዶ ሆኖ አየ፤ ሠራተኛውን ጠርቶም ተጨቃጨቀ። ሠራተኛው ሳቀበት መሰለኝ፤ ንዴቱ ገና አልበረደለትም።

ቁጥር 7 መምህር ሳትሆን አትቀርም። አጻጻፏ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመች ያስመስላታል። ስትራይክ 10 ብቻ አይደለም፤ 10 ሲደመር ቀጥለው የሚወረወሩት ሁለት ኳሶች የሚጥሉት ነው። ማሽኑ እነዚያን ሁለት ኳሶች ሳያይ ምን ብሎ ይጽፋል? በመጀመሪያው ፍሬም፣ ማለትም ሁለት ውርወራ በሚፈቀድበት የመጀመሪያ ተራው፣ ስትራይክ ጥሎ በሁለተኛው 7 እና 2 የጣለ ሰው የመጀመሪያው ፍሬሙ 19 ይሆንለታል፤ ከሁለተኛው ጋር ድምሩ 28 ይደርሳል። ስፔር፣ ማለትም አሥሩን በሁለት ውርወራ መጨረስ፣ 10 ሲደመር ቀጣዩ አንድ ኳስ ነው። 12 ስትራይክ በተከታታይ የጣለ 300 ያገኛል፤ ጣሪያው እሱ ነው። ፍሬሙ 10 ሆኖ ሳለ 12 ስትራይክ ከየት እንደመጣ ለሚጠይቅም መልሱን አስቀድማ አዘጋጅታለች። አሥረኛው ፍሬም ላይ ስትራይክ የጣለ ሁለት ተጨማሪ ኳስ ያገኛል። ቁጥር 6 አመሰገነ። ሠራተኛውን ይቅርታ ይጠይቅ አይጠይቅ ግን አልጻፈም።

ለእኔ የክሩ ትልቁ መልስ ቁጥር 8 ነው። ሰውየው የሚያወራው ስለ ስትራይክ አይደለም፤ ስለምትቀረው አንዲት ፒን ነው። በየፍሬሙ በመጀመሪያው ኳስ 9 እየጣለ የቀረችውን ሁልጊዜ የሚስት ሰው በጨዋታው መጨረሻ 90 ይዞ ይወጣል። ያንኑ 9 እየጣለ የቀረችውን ሁልጊዜ በሁለተኛው ኳስ የሚጥል ሰው ግን፣ የመጨረሻዋ ተጨማሪ ኳሱም 9 ከጣለች፣ 190 ይዞ ይወጣል። ልዩነቱ 100 ነጥብ ነው። አንድም ስትራይክ የለበትም። ከ100 ፈቀቅ አላልንም ላለው ጠያቂ መልሱ ይኸው ነው። የቢሮ ልጆች ሲጫወቱ ብታዩ፣ የመጀመሪያውን ኳስ በስንት ጥንቃቄ ይወረውራሉ። ሁለተኛውን ግን እየሳቁ፣ ወደ ጓደኛ ዞረው እያወሩ፣ እንደ ትርፍ ነገር ይለቁታል። 100 ነጥቡ የሚፈሰው እዚያ ላይ ነው።

የቀረችው ፒን እንዴት እንደምትጣልም ዘርዝሯል። ዓይን ፒኑ ላይ አይሁን። ፒኑ ከፋውል መስመሩ፣ ማለትም ወርዋሪው ማለፍ ከሌለበት መስመር፣ 18.29 ሜትር ይርቃል። ሌኑ (ኳሱ የሚንከባለልበት መንገድ) ላይ የተሳሉት ሰባት ቀስቶች ግን ከመስመሩ 4.5 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው፤ እነሱን ማነጣጠር ይቀላል። በግራ ጥግ የቀረች ፒን ላይ ለመወርወር ከቀኝ በኩል መቆም፣ በቀኝ ጥግ ለቀረችው ደግሞ ከግራ በኩል መቆም፤ ኳሱ ሌኑን አቋርጦ ሲሄድ ዳር ያለው ቦይ ውስጥ የመግባት ዕድሉ ያንሳል። ሌላው ነገር መጀመሪያ ሲሰሙት ግራ ያጋባል፦ ኳሱ ከታሰበው ወደ ግራ ከሄደ በሚቀጥለው ውርወራ መቆሚያውን ወደ ግራ ማዛወር ነው። ያንኑ ቀስት እያነጣጠሩ ማለት ነው። ሰው በደመ ነፍስ ተቃራኒውን ያደርጋል።

እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ለወጠ። ቁጥር 9 በዕድሜ የገፉ አባት ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ እያለ ነው የመለሰላቸው። ልጅነታቸውን አስመራ አሳልፈዋል። አሜሪካኖቹ ቃኘው በተባለው የጦር ሰፈራቸው በነበሩበት ጊዜ ከተማው ውስጥ ቦውሊንግ ነበር፤ ፒኑን የሚያቆመው ማሽን ሳይሆን ልጅ ነው። ከሌኑ ጀርባ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ኳሱ መጥቶ ሲመታ እግሩን ይሰበስባል፤ ከዚያ ወርዶ ፒኖቹን ያቆማል፣ ኳሱንም ይመልሳል። ጋሼ ራሳቸው ይህን እየሠሩ ለሲኒማ መግቢያ የሚሆን ሳንቲም ያገኙ ነበር። ጉልበተኛ ተጫዋች የመጣ ቀን ፒኑ ተስፈንጥሮ ቅልጥም ይመታል። አንዱ ፒን ከ1.5 ኪሎ በላይ ይመዝናልና ቀልድ አይደለም።

ቁጥር 10 በአክብሮት አንድ ነገር ጨመረላቸው። አሜሪካ ውስጥ ራሱን የቻለ ፒን አቋሚ ማሽን ለገበያ የዋለው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1952 ነው። ከዚያ በፊት ቦውሊንግ ቤት በአብዛኛው በሰው ጉልበት ነበር የሚሠራው። ፒን በገመድ የሚታሰርበት ሌላ ዓይነት ማሽንም አለ፤ ከድሮው ረክሶ ይገኛል፣ ጥገናውም ቀላል ነው። በ2023 የአሜሪካው የቦውሊንግ ማኅበር ይህንን ራሱን የቻለ ዘርፍ አድርጎ ተቀብሎታል። ለምን እንዳነሳው ግልጽ ነው፤ እንዲህ ያለው ማሽን ለእኛ ከተማ ይሻላል ባይ ነው።

ቁጥር 11 መብራት ሲጠፋስ ምን ሊኮን ነው የሚል ጥያቄ ወረወረ። እሱ እንዲህ ዓይነት ነገር ደርሶበታል፤ የትኛው ቤት እንደሆነ አልተናገረም። ስምንተኛው ፍሬም ላይ፣ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ150 ሊያልፍ ሲል፣ መብራት እልም። ጄነሬተሩ ሲነሳ ሰሌዳው ሁሉን ረስቶታል። የእሱ ምክር አጭር ናት፦ በሊግ ቀን አንድ ሰው ነጥቡን በወረቀት ይያዝ። ይህችን ምክር የዋዛ አድርጋችሁ አትለፏት።

ቁጥር 12 ደግሞ ቦውሊንግ ገንዘብ ያለው ሰው ከረምቡላ ነው ብሎ ቁጭ አለ። እሳት ለኮሰ። የፒያሳና የአራት ኪሎ ልጆች ተንጫጩ። ከረምቡላ ጠረጴዛው መሃል ላይ አምስት ትንንሽ ፒኖች አሉት፤ ኳስ በኳስ እየመቱ እነሱን መጣል ነው። ስለዚህ ዘመድነቱ ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም። ቁጥር 13 ግን ከረምቡላ አእምሮ እንጂ ጉልበት እንደማይፈልግ፣ አባቱ በ70 ዓመታቸው ወጣቱን ሁሉ ሲያሸንፉ እንደኖሩ ጻፈ። ከዚያ ወሬው የድሮዎቹ ከረምቡላ ቤቶች ከፈረሱ ወዲህ ተጫዋቾቹ የት እንደገቡ ሆነ። ጆተኒም ተነሳ። ጋሼ ተመልሰው መጥተው ሁለቱንም ተጫውተው እንደሚያውቁ፣ ቦውሊንግ ግን ጠዋት ወገብን እንደሚያስታውስ ነገሯቸው። በዚህ ሁሉ መሃል ጠያቂው አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ቁጥር 14 ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ በተሳሳተ መንገድ ቢሆንም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ሳስቶ ኳሱ ይፈጥናል፣ ለዚህ ነው የማይታጠፍልን የሚል አዲስ ሳይንስ አመጣ። እሱም ዱባይ ሲጫወት ይታጠፍለት እንደነበር ማስረጃ አቀረበ።

ቁጥር 15 ሳቁን መደበቅ አልቻለም፤ ግን በደንብ አስረዳ። ከ5 ኪሎ በላይ የሚመዝን ኳስ መሬት ለመሬት ሲንከባለል የአየሩ መሳሳት የሚያመጣለት ለውጥ ከቁጥር አይገባም። የሚታጠፈውም የማይታጠፈውም በዘይቱ ምክንያት ነው። ሌኑ 1.05 ሜትር ይሰፋል፤ 39 ቀጫጭን ጣውላዎች ጎን ለጎን የተደረደሩበት ሆኖ ይቆጠራል። ከመነሻው ጀምሮ ብዙውን ርዝመቱን ዘይት ይቀባል፤ መጨረሻው ደረቅ ነው። ኳሱ ዘይቱ ላይ እየተንሸራተተ ይሄድና ደረቁ ላይ ሲደርስ ይነክሳል፤ ያኔ ይታጠፋል። ለመዝናኛ በሚቀባ ሌን መሃሉ ላይ ብዙ ዘይት፣ ዳርና ዳሩ ላይ ጥቂት ይደረጋል። ይህ ለተጫዋቹ የተደረገ ደግነት ነው። ወደ ዳር ያመለጠ ኳስ ደረቁን ነክሶ ወደ መሃል ይመለሳል። ለውድድር የሚቀባው ግን እንዲህ አይራራም።

ደግሞም በኪራይ ኳስ ብዙ መታጠፍን አትጠብቁ አለ። የቤቱ ኳሶች ልባሳቸው ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሆነ ዘይቱ ላይም ደረቁ ላይም ይንሸራተታሉ። ለስፔር ግን ከነሱ የተሻለ የለም፤ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። የራሳቸው ውድ ኳስ ያላቸው ሰዎች እንኳ ለስፔር አንድ ፕላስቲክ ኳስ ይይዛሉ። ሊግ ለመጀመር ከውጭ ኳስ ማስመጣት አለብን ወይ ብለው የሚጨነቁ ካሉ እዚህ ላይ ይረጋጉ።

ቁጥር 16 የጫማውን ጉዳይ አነሳች። የኪራይ ጫማ ይቀፋታል፤ በራሷ ስኒከር ለምን እንደማይፈቀድላት ማወቅ ፈለገች። ሁለት ሰዎች ተቀባበሏት። የጫማው ሶል የተሠራው እንዲንሸራተት ነው። የመጨረሻው እርምጃ ላይ እግር ካልተንሸራተተ ጫናው ጉልበት ላይ ያርፋል። ስኒከር ይይዛል፣ ቆሻሻም ያመጣል። ክረምት ላይ ደግሞ ሌላ አደጋ አለ። ከመጸዳጃ ቤት ወይም ከደጅ በኪራዩ ጫማ ውኃ ረግጦ የተመለሰ ሰው፣ ሶሉ ረጥቦ ድንገት ሲይዘው በፊቱ ይደፋል። በሐምሌ ጭቃ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአዲስ አበባ ሰው አይነገርም። ካልሲ ይዞ መሄድ፣ ለመቀፈፉ መድኃኒቱ ይኸው ነው።

አንድ ሰው ቁጥር 18 ላይ ስለ ሥርዓት ጻፈ፣ ማንም ልብ አላለውም። አጠገብ ያለው ሌን ላይ ሰው ለመወርወር ከቆመ ይጠበቃል። ሁለት ሰው እኩል ከተነሳ በቀኝ ያለው ይቀድማል። ፋውል መስመሩን ያለፈ እግር ውርወራውን ዜሮ ያደርገዋል፤ አሥሩም ፒን ቢወድቅ እንኳ።

አሁን ወደ ጠቡ እንምጣ።

ቁጥር 19 ሃንዲካፕ፣ ማለትም አማካዩ ዝቅ ላለ ተጫዋች የበለጠ የሚጨመር ማካካሻ ነጥብ፣ መጠቀም አማራጭ እንደሌለው ጻፈ። ቁጥር 20 ሃንዲካፕ ምጽዋት ነው፤ የቻለ ያሸንፍ፣ ያልቻለ ይልመድ ሲል መለሰ። ቃሉ ሻካራ ነበር። ይባስ ብሎ ለሴቶች ብቻ ቢሰጥ ቅር እንደማይለው ጨመረበት። ምን ጎድሎበት እንደሆነ እንጃ።

ቁጥር 21 ሴት ናት፤ አልማረችውም። ሃንዲካፕ የሚሰጠው በነጥብ እንጂ በጾታ እንዳልሆነ ነገረችው። እሷ በአማካይ 140 ታስቆጥራለች። የእሱን አማካይ ጠየቀችው፤ አልመለሰም። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም ዝም። እኔ ብሆን እዚያው ላይ እተወው ነበር፤ እሷ ግን ሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችው።

ስሌቱን ያስቀመጠችው ያቺ መምህር ናት፤ ቁጥር 23 ላይ ተመለሰች። አንድ መነሻ ቁጥር ይያዛል፤ 200 ይሁን። ከእሱ ላይ የተጫዋቹ አማካይ ይቀነሳል፤ የቀረው በ90 በመቶ ይባዛል፤ ክፍልፋዩ ይጣላል። የዱባዩ ልጅ አማካዩ 165 ስለሆነ 35 ይቀራል፤ ሃንዲካፑ 31 ይሆናል። የሒሳብ ክፍሏ ልጅ 105 ስለሆነች 95 ይቀራል፤ የእሷ 85 ይሆናል። ሁለቱም እንደ ልማዳቸው ቢጫወቱ እሱ 196፣ እሷ 190 ያገኛሉ። ጎበዙ አሁንም በ6 ነጥብ ይቀድማል። ምጽዋቱ የቱ ጋ ነው? የሚያሸንፈው በዚያ ቀን ከልማዱ በላይ የተጫወተ ሰው ነው። በ80 በመቶ ቢሰላ ደግሞ 193 ለ181 ይሆናል፤ ልዩነቱ 12 ይደርሳል። ለጎበዙ ምን ያህል ብልጫ እንተውለት የሚለውን የሚወስነው ይህ መቶኛ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ቁጥር 24 መነሻው 200 ሳይሆን 220 ካልሆነ አልገባም አለ። ቁጥር 25 እልህ ተጋባው፤ 200 ይበቃል አለ። ስድብ ተወራወሩ። አንዱ መልስ በመድረኩ ኃላፊ ተሰረዘ፤ ምን ይል እንደነበር አላየሁም። መምህሯ ደግሞ በትዕግሥት ሠርታ አሳየቻቸው። መነሻው 220 ሲሆን የሁለቱ ሃንዲካፕ 49 እና 103 ይሆናል። ድምሩ 214 ለ208። ልዩነቱ ያው 6 ነው! መነሻው ከሊጉ ጎበዝ አማካይ በላይ እስከሆነ ድረስ ቁጥሩ ምንም ለውጥ አያመጣም። ከጎበዙ አማካይ በታች ከሆነ ግን ያ ሰው ያለ አግባብ ይጠቀማል። ያን ሁሉ የተሰዳደቡት በባዶ ነበር ማለት ነው። አንዳቸውም ይቅርታ አልጠየቁም። ግን ጸጥ አሉ።

ከጠቡ መሃል የወጣ አንድ ቁም ነገር አለ። ቁጥር 27 ሰው አማካዩን አውቆ ቢያወርድስ ሲል ጠየቀ። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እያሾፈ ይጫወታል፣ ትልቅ ሃንዲካፕ ያገኛል፣ በመጨረሻ ዋንጫው ላይ ይነሳል። ይህ በየትኛውም አገር ያለ ሌብነት ነው። የተሰጠው መልስ ጥሩ ነው። አማካዩ በየሳምንቱ ሁሉም ጨዋታ እየተደመረ ይሰላል። የመጀመሪያው ምሽት ሃንዲካፕ የሚወጣው ከዚያው ምሽት ጨዋታ ነው። ደግሞም ኮሚቴው ያላመነበትን አማካይ የመቀየር ሥልጣን ይኑረው። ቁጥር 27 ግን አላመነም። የእኛ ሰው ኮሚቴውንም ያውቅበታል የሚል ነው።

ቁጥር 29 ላይ ማን ብቅ ቢል ጥሩ ነው? ራሱ የዱባዩ ልጅ። ይህን ሁሉ ሲያነብ ቆይቶ ኖሯል። በሃንዲካፑ ቅር እንደማይለው ተናገረ። 165 የሚባለው ግን የድሮ አማካዩ ነው፤ ከመጣ ወዲህ 158 አካባቢ ወርዷል። ቁጥር 27 ይህን አይቶ ምን እንዳለ መገመት አያቅታችሁም።

ሊጉ ራሱ እንዴት እንደሚሄድ የጻፈው ሰው ውጭ አገር ሊግ ተጫውቷል። አራት አራት ሰው ያለው ቡድን፣ ሁለት ቡድን በሁለት ጎን ለጎን ሌኖች ላይ ይጋጠማል። ተጫዋቹ አንዱን ፍሬም በግራው፣ ቀጣዩን በቀኙ ሌን ይጫወታል፤ የዘይቱ ልዩነት ለማንም እንዳያደላ ነው። በአንድ ምሽት ሦስት ጨዋታ ይደረጋል። ለእያንዳንዱ ጨዋታ አሸናፊ አንድ ነጥብ፣ ለጠቅላላ ድምሩ አንድ ነጥብ፤ በድምሩ አራት። የቀረ ሰው ካለ ከአማካዩ ላይ 10 ተቀንሶ ይጻፍለታል እንጂ ቡድኑ አይባረርም። ስድስት ቡድን ቢገኝ እርስ በርስ ለመጋጠም አምስት ሳምንት ይበቃል። ለአንድ ሰው ለአንድ ጨዋታ 10 ደቂቃ ያህል ቢታሰብ፣ አራት ሰው በአንድ ሌን ሦስቱን ጨዋታ ለመጨረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅበታል።

ቀኑ ላይ ግን ሁሉም ተናጋሪ ሆነ። ሰኞ ማንም አይፈልግም። ማክሰኞና ረቡዕ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ አለ። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፤ ከጨዋታ በኋላ ክትፎ ያሰቡ ሰዎች አይቀበሉትም። ቅዳሜና እሑድ ፕሪሚየር ሊግ፣ ሠርግ፣ ልቅሶ። ሐሙስ ቀረ። ሐሙስ ላይ የዩሮፓ ሊግ አለ ብሎ የተቃወመ አንድ ሰው ተገኘ፤ የየትኛው ክለብ ደጋፊ እንደሆነ ተጠይቆ ሙድ ተያዘበት። ሰዓቱን ከምሽቱ 12 ተኩል አደረጉት። ከሜክሲኮ የሚመጡት በቀላል ባቡር ስታዲየም ድረስ ይመጣሉ፤ ከካዛንቺስ በእግር ይወርዳሉ። ለመመለሻ ራይድ በጋራ ይከፈላል።

ገንዘቡ እንደ ዕቁብ በየሳምንቱ ይሰብሰብ፣ የሌኑ ኪራይ ከተከፈለ በኋላ የተረፈው ለሽልማት ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ ብዙ ሰው ደስ አሰኘ። አንዲት እህት ግን ገንዘብ ከገባበት ቁማር ይሆናል፣ እኔ አልገባም አለች። ለሷ ሲባል ሽልማቱ ዋንጫና የጋራ እራት እንዲሆን ቀረበ። ይህን የተቃወመ የለም። ሥጋ ያለበት ስብሰባ በኛ አገር መቼ ተቃዋሚ አለው?

አንዲት እናት ልጆቼን ይዤ ልምጣ ወይ ስትል ጠየቀች። 6 ፓውንድ ኳስ አለ፤ 2.7 ኪሎ ግድም ነው። ቦዩን የሚዘጋ መከላከያ የሚያወጡ ቤቶችም አሉ። ግን በሊግ ምሽት ይሁን አይሁን አልተስማሙም።

ጠያቂው በመጨረሻ ተመለሰ። ዝርዝር ይዞ ነው የመጣው። አራት ቡድን ተመዝግቧል፤ ሁለት ቢጨመሩ ይመርጣል። ነጥብ በወረቀት የምትይዘው የሒሳብ ክፍሏ ልጅ ናት፤ እሷው ራሷ ፈቃደኛ ሆነች። መቶኛው 90 ይሁን ወይስ 80 የሚለውን ለድምፅ አቅርቦታል፤ እስከ እሑድ ማታ ክፍት ነው። እኔ ለ90 ሰጥቻለሁ። ቁጥር 20 አማካዩን ሳይናገር ለ80 ሰጥቷል፤ ቁጥር 21ም ከሥሩ አራተኛ ጊዜ ጠይቃዋለች።